ጥርሱ ለማን ተሰጠ? የደም መጣጮች ፊልም፣ የጎንደር ቡዳና የመተማ ቆላ

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ብላኩላ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሚከፈተው በእራት ግብዣ ነው። ዘመኑ 1780፣ ቦታው ትራንሲልቫኒያ። ማሙዋልዴ የሚባል አፍሪካዊ ልዑል ከባለቤቱ ጋር በካውንት ድራኩላ ቤት ተገኝቷል፤ የመጣውም የባሪያ ንግድ እንዲቆም ድጋፍ ለመጠየቅ ነው። ካውንቱ በንግዱ አንዳች ነውር አይታየውም። እንግዳውን ያላግጥበታል፣ ይነክሰዋል፣ የራሱን ስም ቆራርጦ ያሸክመዋል፣ ከዚያም ሬሳ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ፊልሙን ያዘጋጀው ጥቁር አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዊሊያም ክሬን ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ባለ ክብር ልዑል እንዲሆን የተሟገተው ደግሞ ተዋናዩ ዊሊያም ማርሻል ራሱ ነበር። በአነስተኛ በጀት የተሠራው ይህ ፊልም በዚያ አንድ ትዕይንት ከባድ ነገር ተናግሯል፦ ደም መምጠጥ የሚጀምረው ሰው ከሚሸጥበት ገበታ ነው።

ነገሩ ለመተማ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከጎንደር የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ከብት ከሱዳን ከሚመጣው ጥጥና ጨርቅ ጋር የሚገናኝባት የድንበር ገበያ ነበረች፤ ሰውም ይሸጥባት ነበር። አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች ናቸው። የጀበርቲ ነጋዴው፣ የሱዳን ዐረቡ፣ ከደጋ የወረደው አማራና የቆላው ጉሙዝ በአንድ ገበያ ይተያዩ ነበር። ጉሙዙ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ገበያው የሚደርሰው ተፈንግሎ ነው።

የጎንደር ምድር በዚያ ዘመን የራሱ የደም ተረት ነበረው። በተረቱ ውስጥ ግን ጥርሱ ለባሪያ ፈንጋዩ አልተሰጠም፤ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪዋ ተሰጠ። ዛሬ የዓለም ሲኒማ በደም መጣጭ ፊልሞቹ ጥቁሮችን፣ ስደተኞችንና ድሆችን ወደ መሃል ማምጣቱ «ብዝኃነት» እየተባለ ይወደሳል። ለእኛ ግን በፖስተሩ ላይ ያሉትን ፊቶች ከመቁጠር ይልቅ ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጀናል፦ ጥርሱ ለማን ተሰጠ? ሳቁስ በማን ላይ ነው?

ከካውንቱ አዳራሽ እስከ ብሮንክስ ሱቅ

የብራም ስቶከር «ድራኩላ» እ.ኤ.አ. በ1897 ሲታተም የፍርሃቱ ምንጭ የተሸሸገ አልነበረም። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ እንግዳ ለንደን ገብቶ ቤት ይገዛል፣ ሴቶችን ይነክሳል፣ ደም ይበክላል። በ1922 የወጣው የጀርመኑ ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» ደም መጣጩን በረጅም አፍንጫ፣ በአይጥ መንጋና በወረርሽኝ አጅቦ ሲያቀርበው፣ በዚያ ዘመን ስለ አይሁድ ስደተኞች ይሣሉ ከነበሩት የጥላቻ ሥዕሎች ጋር መመሳሰሉን የፊልም ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ሥሩም የቆየ ነው። አይሁድ የክርስቲያን ልጅ ደም ይሻሉ የሚለው ክስ እንግሊዝ ውስጥ ኖሪች በተባለች ከተማ በ1144 ከሞተ አንድ ልጅ ጋር ተያይዞ ከተነሣ በኋላ በአውሮፓ ለዘመናት ሰው አስገድሏል።

ከ«ብላኩላ» ወዲህ ያለው ለውጥ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። በ1973 ቢል ገን «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» በተባለ ፊልሙ ደም መጠጣትን የጥቁር ምሁር የሱስና የእምነት ጣጣ አድርጎ አቀረበው። በ1995 ኤዲ መርፊ በዌስ ክሬቨን ዳይሬክተርነት «ቫምፓየር ኢን ብሩክሊን» ላይ ከካሪቢያን የመጣ ደም መጣጭ ሆኖ ሳቅና ድንጋጤን ለማጋባት ሞከረ፤ ተቺዎች ግን ብዙም አልወደዱለትም። በ2014 የኒውዚላንዶቹ ታይካ ዋይቲቲና ጀሜይን ክሌመንት ያረጁ ደም መጣጮችን በአንድ የኪራይ ቤት አስቀምጠው ደም የነካውን ሳህን ማን ይጠብ በሚል አጨቃጨቋቸው። አስፈሪው ጌታ የቤት ሥራ የሚሸሽ ደባል ሆነና ግርማው ሁሉ ረገፈ።

ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሁለት ፊልሞች ንክሻውን ራሱን ቀየሩት። በ2020 በኔትፍሊክስ የወጣው የኦዝ ሮድሪጌዝ አስፈሪ ኮሜዲ «ቫምፓየርስ ቨርሰስ ዘ ብሮንክስ» ደም መጣጮቹን ወደ ኒውዮርክ የድሆች ሰፈር የሚያስገባው በሬሳ ሣጥን ብቻ አይደለም፤ በሪል እስቴት ኩባንያ ጭምር ነው። ሱቁ ይገዛል፣ ነዋሪው ይጠፋል፣ የሰፈሩ ስም ይለወጣል። የጥቁርና የላቲኖ ልጆች የሚከላከሉት የሚነግዱበትንና የሚቀላለዱበትን የማዕዘን ሱቅ ነው። ልጆቹ ያስቃሉ፤ ግን የሚሳቅባቸው አይደሉም። ቀልዱን የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው።

የ2025ቱ የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ኮሜዲ ባይባልም ከሁሉም በላይ የሚያወያየው እሱ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። ማይክል ቢ ጆርዳን መንታ ወንድማማቾች ሆኖ ይተውናል፤ በዙሪያቸው የጥጥ ሠራተኞች፣ ቻይናውያን ባለሱቅ ባልና ሚስት፣ ደም መጣጩን የሚያሳድዱ የቾክታው ተወላጆች አሉ። ለቆጠራ ከሆነ ብዝኃነቱ ሙሉ ነው። ብልሃቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ደም መጣጩ ሬሚክ ራሱ አየርላንዳዊ፣ የተገዛና የተዋረደ ሕዝብ ልጅ ነው። ለጥቁሮቹ የሚያቀርብላቸውም ግብዣ ደስ የሚል ነው፦ በእኛ ዘንድ ዘር የለም፣ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን። የተነከሰ ሁሉ ግን ትዝታውን ለእሱ ያስረክባል፤ በመጨረሻም ሁሉም ክብ ሠርተው በእሱ አገር ዘፈን ይጨፍራሉ። ኩግለር ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ዜማ የሚያስጨፍር አቃፊነት ራሱ ንክሻ ሊሆን እንደሚችል እያሳየ ነው።

የጎንደር ደም ተረት

የጎንደር ሰው ድራኩላን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ሌሊት ቅርጹን የሚለውጥ፣ ከመቃብር ሬሳ የሚያወጣ፣ በዓይኑ ብቻ ጤነኛን ሰው የሚያመነምን፣ ቀን ግን ጎረቤት ሆኖ የሚውል፣ ቡዳ የሚባል ፍጡር በአያቶቹ ወግ ውስጥ አለ። ጅብ ሆኖ ሲዞር ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ሰው ታሪክ ከአውሮፓ ተጓዦች መጻሕፍት እስከ መንደር ጨዋታ ድረስ ተደጋግሞ ተነግሯል። መከላከያውም የታወቀ ነው፦ ጤና አዳም፣ ክታብ፣ ሕፃን ሲያዩ ቱፍ ማለት። ነጭ ሽንኩርትማ ከሁለቱም አገር መድኃኒት ውስጥ ተገኝቷል።

ቡዳ የሚባለው ማን ነው ሲባል መልሱ ከእምነት ይልቅ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ከተሸነፉ በኋላ ርስት የመያዝ መብታቸውን እንዳጡ ወጉም የታሪክ ጸሐፊዎችም ይናገራሉ። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት ማረስ፣ ካልሆነም በእጁ ሙያ ማደር ነበረበት። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ደገኛው ገበሬ ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ፣ ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ማደር አይችልም። ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሰው በማኅበር ገበታ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። እሳትና ብረት የሚገዛው እጅ ክርስቶስ የተቸነከረበትን ችንካር የሠሩት ሰዎች ዘር ነው ተባለ፤ ዓይኑም ይበላል ተባለ። ተመሳሳይ ስም በጣና ዳር ባሉ ወይጦዎችና በሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ላይም ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። የታሪክ ምሁሯ ሉዊዝ ዋይት በ2000 ባሳተመችው ጥናት በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንጋኒካና በሰሜን ሮዴዥያ ሲናፈሱ የነበሩ የደም መጣጭ ወሬዎችን መርምራለች። በእነዚያ ወሬዎች ሌሊት ሰው ይዘው ደሙን የሚቀዱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የአደን ጠባቂዎችና ሌሎች የመንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው። ተራው ሰው ጥርሱን የሰጠው ለሚገዛው ኃይል ነው። በጎንደር ግን ጥርሱ ወደ ታች ወረደ። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። ጌታውን ደም መጣጭ ያለ ሰው ነገ በችሎት ከጌታው ፊት ይቆማል፤ ቀጥቃጩን ቡዳ ያለ ሰው ግን ምንም አይደርስበትም፣ ማረሻውንም በማግስቱ ከእሱው ያሠራል።

ስለዚህ ቡዳን በፊልም ማቅረብ ድራኩላን እንደማቅረብ ቀላል አይደለም። ትራንሲልቫኒያ ውስጥ ካውንት ድራኩላ በመባል ርስት የተነፈገ መንደር የለም። በጎንደር ግን በተረቱ ምክንያት ያልተጋባ፣ ያልተጠራ፣ በሕፃን በሽታ ሰበብ የተደበደበ ሰው አለ።

የሰጡት ደም

ቤተ እስራኤሎች ከጎንደር ወደ ሱዳን የወረዱባቸው መንገዶች አብዛኞቹ በዚሁ ምዕራባዊ ቆላ ያልፉ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ድንበሩን ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት ባሉ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8000 የሚጠጉ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በጣቢያዎቹ የሞቱት ደግሞ 4000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

በአዲሱ አገር የጠበቃቸው ነገር ማንም የፊልም ጸሐፊ ቢፈጥረው የተጋነነ የሚባል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የእስራኤሉ ጋዜጣ ማአሪቭ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ዜጎች የለገሱት ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል በሚል ስጋት ለዓመታት በድብቅ ሲጣል መኖሩን አጋለጠ። ሺዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰልፈው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን መሪነት ተቋቋመ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2013 መጨረሻ ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በሕፃንነቷ በሱዳን በኩል የተሻገረችው የምክር ቤት አባል ጵኒና ታማኖ ሻታ በክነሴት ቅጥር ግቢ ደም ልትለግስ ቀርባ፣ በትውልድ አገሯ ምክንያት እንደማንኛውም ለጋሽ አትታይም ተባለች። በ2020 የዚያው አገር ሚኒስትር ሆነች።

በትውልድ አገራቸው ደም ይመጥጣሉ የተባሉ ሰዎች በተስፋ አገራቸው የሰጡት ደም ተጣለ። የሁለቱ አገር ፍርሃት ቋንቋው ይለያያል፤ አንዱ በጅብ ሌላው በቫይረስ ይናገራል። ሁለቱም ግን ስለ አንድ ሰው ደም ከሰውየው ይልቅ እናውቃለን ይላሉ። ውክልና የሚባለው ነገር ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ሕዝብ የሚነገር ተረት ከሳቅና ከጨዋታ አልፎ የሐኪም ቤት መመሪያ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል።

ቆላው በካሜራ ፊት

ይህን የስደት ታሪክ ሲኒማ እንዴት አየው? ትልቁ በጀት የፈሰሰበት የ2019ኙ የኔትፍሊክስ ፊልም «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው። ጊዲዮን ራፍ ያዘጋጀውና ክሪስ ኢቫንስ በመሪ ተዋናይነት የሠራበት ይህ ፊልም ሞሳድ በሱዳን ባሕር ዳርቻ የከፈተውን ሐሰተኛ መዝናኛ ይተርካል፤ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ጥቁር ፊት በብዛት ይታይበታል። ከቤተ እስራኤል ወገን ዋናውን ሰው አሜሪካዊው ማይክል ኬ ዊሊያምስ ተጫውቶታል። ነገር ግን የሚወስኑት፣ የሚቀልዱት፣ የሚሳሳቱትና የሚጸጸቱት ነጮቹ ሰላዮች ናቸው። ኢትዮጵያውያኑ ይሮጣሉ፣ ይደበቃሉ፣ ያመሰግናሉ። ተቺዎች ነጭ አዳኝን የሚያነግሥ ፊልም ሲሉ የወረፉት በዚህ ነው።

ከዚህ የተሻሉ አሉ። የራዱ ሚሃይሌአኑ የ2005 ሥራ እናቱ ቤተ እስራኤል ነኝ እንዲል አስመስላ የላከችውን ክርስቲያን ልጅ ተከትሎ ማንነት በውሸት ሲጀምር ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ያሬድ ዘለቀ በ2015 በካን ፌስቲቫል ያሳየው «ላም» የሚባለው ፊልም በጎንደር ተራሮች መካከል የሚኖር፣ እናቱ ቤተ እስራኤል የነበረች፣ በግ የሚወድና ምግብ መሥራት የሚያምርበትን ልጅ ያሳየናል። ልጁ ስለ ማንነቱ አንድም ንግግር አያደርግም፤ ይኖረዋል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ደግሞ በ2008ቱ «ጤዛ» ከጀርመን የተመለሰውን ምሁር ሕመም መንደሩ እንደ መንፈስ ልክፍት አይቶ ወደ ጠበል ሲወስደው፣ ፍርሃቱን ሳይንቅም ሳያገንም ቀርጾታል።

የገበያው አማርኛ ፊልም መንገድ ሌላ ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ሲኒማ ቤቶቻችንን የሞሉት የፍቅር፣ የአስቂኝ ፍቅርና የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ናቸው። አስፈሪ ፊልም ብርቅ ነው። በአስቂኙ ፊልም ውስጥ ደግሞ ከገጠር የመጣ ዘበኛ፣ አነጋገሩ ከአዲስ አበባ ሰው የተለየ ዘመድ፣ ሊፍት የሚፈራ ገበሬ የሳቅ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። የጎንደር ቆላማ ለመሳቂያነት እንኳ አልደረሰውም። በታሪክ መጽሐፍ መተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት ቦታ ናት፤ በዜና የድንበር ግጭት፣ የስደተኛና የኮንትሮባንድ ስም ናት፤ በተረፈ «በረሃ» ናት፣ ሰው ሄዶ የሚጠፋባት።

ካሜራ ይዞ የሄደ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። በገንዳ ውኃ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ አገዉና ትግርኛ ተናጋሪው፣ በሰፈራ ከደጋ የወረደው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አለ። በአጨዳ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎና ከደቡብ ጎንደር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ካምፖች ያድራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የካርቱም ጦርነት ያፈናቀላቸው ሱዳናውያንና ሌሎች ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፍረው ነበር፤ በዚያም ዘረፋና ጥቃት ተከትሏቸዋል። ከ40 ዓመት በፊት ሰው ወደ ሱዳን ይሸሽበት የነበረው መስመር አቅጣጫውን ገለበጠ። ለአስፈሪ ኮሜዲ ከዚህ የበለጠ መድረክ ይኖር ይሆን? አሥር ዓይነት ቋንቋ የሚሰማበት የእርሻ ካምፕ፣ መብራት የሌለው ሌሊት፣ ከአላጥሽ ጫካ የሚሰማ የአራዊት ድምፅ፣ እርስ በርሱ የሚጠራጠር የሰው ስብስብ። ቡዳው ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ሁሉም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ሳቅና ድንጋጤ በአንድ ቤት

ሳቅና ፍርሃትን ማጋባት ከሆሊዉድ የሚኮረጅ ብልሃት ይመስለናል። እኛ ዘንድ ግን የቆየ ነው። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ሲለፈልፍ ቤት ይሞላል። «ማን ነህ? ከየት ያዝከው? ምን ትፈልጋለህ?» ይባላል። በሰውየው አፍ የሚናገረው መንፈስ ይኮራል፣ ይደራደራል፣ የማይበላ ነገር አምጡልኝ ይላል፤ ከበው የቆሙት አንዴ ይስቃሉ አንዴ ያማትባሉ። ከዚያ አንድ ስም ይጠራል። ሳቁ በዚያች ቅጽበት ያልቃል፤ የተጠራው ሰው ጎረቤት ነውና። የአስፈሪ ኮሜዲ አጥንት ይኸው ነው። ተመልካቹ የሳቀበት ነገር ተመልሶ ሰው ሲነክስ ማየቱ።

ሌላም በር አለ። የውጭ አስፈሪ ፊልም ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ተመልካች የሚደርሰው ታሪኩን በአማርኛ እየተረከ መሃል መሃል ላይ ቀልድ በሚጨምር ተራኪ በኩል ነው። ተራኪው ደም መጣጩን የሰፈር ልጅ ስም ያወጣለታል፤ የተነከሰችዋን ልጅ «ነግሬሽ አልነበር!» ይላታል። ይህ ትርፍ ጨዋታ ተመልካቹ አስፈሪን ነገር በራሱ ዘዬ እንዲይዘው መለማመጃ ሆኗል። አገር በቀል አስፈሪ ኮሜዲ ለመሥራት የሚነሣ ደራሲ የሚስቅ ተመልካች ፍለጋ አይቸገርም።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ተረት ራሱ የተጠናቀቀ የፊልም ሐሳብ ነው። ደም መጣጩ የማያውቁት አገር ገብቶ የጌታ ወግ ይጠይቃል፤ ተስተናጋጅ ሆኖ ይቀመጣል። አስቂኝነቱ የሚመጣው አገሩ ማንነቱን ሲያውቅና እሱ መታወቁን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በዚህ ተረት ጅቡ ቀጥቃጭ አይደለም። ቁርበት የሚነጠፍለት፣ የሚፈራና የሚከበር እንግዳ ነው። የጎንደር ወግ ጥርሱን ለኃይለኛው የሚሰጥ መንገድም ነበረው ማለት ነው፤ እኛ ያበዛነው ሌላውን ነው።

የሚነክሰው ማን ይሁን?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደም የሚመጥ ነገር በእርግጥ አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች፣ ሌሊት ትወጣለች፣ እንቁላሏን ለማፍራት ደም ያሻታል። የምትነክሰው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር የሚያድረውን የሰሊጥ አጫጅ ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ወረርሽኙ በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ሲታወቅ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር የታየው፤ ወደ ደጋው ያደረሱትም ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። በዝንቧ ዙሪያ ደግሞ ሌሎች አሉ። ሠራተኛውን ከመናኸሪያ የሚያነሣው ደላላ፣ የምግቡን ዋጋ ከሒሳቡ የሚቆርጥ የካምፕ አለቃ፣ ስደተኛውን ከመተማ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚያሸጋግር አዘዋዋሪ።

እዚህ ላይ ግን ቀላል መንገድ አለ፤ አደገኛም ነው። ተረቱን ገልብጦ ትናንት የተከሰሰውን ንጹሕ፣ ትናንት የከሰሰውን ደም መጣጭ ማድረግ። ደገኛው ይንከስ፣ ቆለኛው ይዳን፤ ወይም ባለሀብቱ የአንድ ብሔር ሰው ይሁን። በዚህ አካባቢ ይህ ጨዋታ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአማራና በቅማንት ስም በተነሣ ግጭት በመተማ ዙሪያ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ጥርስን ከአንድ ሕዝብ አንሥቶ ለሌላ ሕዝብ የሚሰጥ ፊልም ተረቱን አላፈረሰም፤ አድራሻ ቀየረለት። ታሪኩም ይህን አይደግፍም። የመተማን የባሪያ ገበያ ይዘው የነበሩት ተክሩሮች ራሳቸው ከሩቅ የመጡ መጤዎች ነበሩ። ዛሬ ስደተኛን የሚያግት አዘዋዋሪ አንዳንዴ የስደተኛው የራሱ አገር ልጅ ነው። ኩግለር ደም መጣጩን ከተገዛ ሕዝብ የመረጠው ይህን ስለተረዳ ይመስለኛል። ንክሻ የሥራ ዓይነት ነው፤ ማንም ሊቀጠርበት ይችላል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ይታወቃል። አንደኛው፣ ጦርነትና መፈናቀል ባለበት አካባቢ ስለ ደም መጣጭ ፊልም ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ የተነገረው የደም ልገሳ ታሪክ ነው። ሰው ሰውን ከመግፋቱ በፊት ስለ እሱ የሚነገረውን ተረት ያምናል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ቡዳን በሲኒማ ማሳየት እምነቱን ያጠናክራል፣ ሸክላ ሠሪዋን ደግሞ ለአደጋ ያጋልጣል። እውነት ነው፤ ቡዳው በእርግጥ ጅብ ሆኖ የሚታይበት ፊልም ከተሠራ ተረቱን በኮምፒውተር ምስል ማስመስከር ይሆናል። መውጫው አስፈሪነቱን ወደ ክሱ ማዛወር ነው። ተመልካች ወንበሩን የሚጨብጠው ጅቡ ሲመጣ ሳይሆን ለፍላፊው ስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት መሆን አለበት። በካምፑ ሌሊት ሰው በትኩሳት ሲወድቅ፣ ሁሉም ወደ ጉሙዙ ወይም ወደ ቀጥቃጩ ልጅ ዞሮ ሲያይ፣ ደላላው ግን ጥላው ውስጥ ሒሳብ ሲቆርጥ ፍርሃቱም ሳቁም ቦታቸውን ያገኛሉ።

ይህ ደግሞ ከተዋናይ ምርጫ ያለፈ ሥራ ይጠይቃል። የቆላውን ሰው ዘዬ አዲስ አበባ የተወለደ ኮሜዲያን ቢያስመስለው ሳቁ በቆለኛው ላይ ይወድቃል። ቆለኛው ራሱ ጽፎት፣ ራሱ ተናግሮት፣ ከደጋ የመጣው አለቃ ካልገባው ሳቁ ይገለበጣል። ቁመናው ከተለመደው የመሪ ተዋናይ መልክ የተለየው ዳንኤል ታደሰ በ2015ቱ «ክራምብስ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም መሪ ሆኖ ሲቀርብ የታየው ይኸው ነው። ካሜራው ሰውነቱን አልቀለደበትም፤ ፍቅሩን፣ ፍርሃቱንና ጀግንነቱን ሰጠው፣ ተመልካቹም ተቀበለው። ፊልሙን ያዘጋጀው የውጭ አገር ሰው መሆኑ ለእኛ አዘጋጆች ሊያስቀና ይገባል።

አንድ ቀን በመተማ ቆላ የሚካሄድ የአማርኛ የደም መጣጭ ኮሜዲ ሊሠራ ይችላል። ሲሠራ በፖስተሩ ላይ ጉሙዝ፣ ቅማንት፣ አማራና ሱዳናዊ ጎን ለጎን ቆመው ቢታዩ ጥሩ ነው፤ ግን ሬሚክም ያንን ማድረግ ችሏል። ፊልሙን የምንመዝነው በሌላ ነገር ነው። ከሲኒማ ቤት የወጣ ሰው በማግስቱ ጎረቤቱን ጠርጥሮ ጤና አዳም ፍለጋ ከሄደ ተረቱ አሸንፏል። የሠራተኛውን ሒሳብ ማን እንደቆረጠ ከጠየቀ ደግሞ ጥርሱ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።